መኪናው ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ሰልፉስ?

የመገናኛን ሰልፍ የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ! ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አያት፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ የካ አባዶና ወደ አራብሳ የሚሄደው ሕዝብ አጥር ለአጥር ተጠማዞ ይቆማል። ከሩቅ ለሚያየው ዘይት በቅናሽ የሚታደል ይመስላል። ዘይትማ ቢሆን ወረፋህ ሲደርስ ይዘህ ትገባለህ። እዚህ ግን ወረፋህ ደርሶ ታክሲው የለም።

ባለፈው ሰሞን እኔም በዚያው ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አምሳ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ካፊያ ጀምሯል። ከፊቴ የቆሙት በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ፣ ቢሮ ሲያጸዱ ውለው የሚመለሱ ሴትዮ ነበሩ፤ ፌስታል ራሳቸው ላይ ደፍተዋል። ከጎናችን ባለው አስፋልት ላይ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው አንድ ሾፌርና አራት ባዶ ወንበር ነው። ሴትዮዋ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«አየህ የኔ ልጅ፣ ይሄ መኪና ድምፅ እንኳን የለውም። ሳንሰማው ይመጣል፣ ሳይሰማን ይሄዳል» አሉኝ።

እኔ እንጀራዬ ወሬ መልቀም ነውና ስለ «ዘላቂ ትራንስፖርት» ስንትና ስንት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስንትና ስንት የታተመ ወረቀት ተቀብያለሁ። ነገሩን እንደ እኚህ ሴትዮ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝም የእሳቸው ንግግር ነው።

ነገሬን ገና ከጅምሩ ተናግሬው ልገላገል። እየተለወጠ ያለው መኪናው ነው እንጂ ትራንስፖርቱ አይደለም! ቤንዚን የሚጠጣው አውቶሞቢል በባትሪ አውቶሞቢል ተተካ ማለት ሕዝብ ተጓጓዘ ማለት አይደለም። ሕዝብ ከቤቱ ወደ ሥራው በወቅቱ ሳይደርስ ደግሞ «ዕድገት»፣ «ልማት» እያሉ መፎከር ሙሽራ በሌለበት ሰርግ መጨፈር ነው።

እውነቱን ለመናገር

መንግሥት ያደረገው ስለሆነ ብቻ ነጩን ጥቁር ማለት አለብን እንዴ? የለብንም። ወደ ኤሌክትሪክ እንዙር የሚለው ሐሳብ በመሠረቱ ትክክል ነው። አገራችን ነዳጅ ገዢ እንጂ ሻጭ አይደለችም። በየዓመቱ ለነዳጅ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ትከፍላለች። ያ ዶላር ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከገበሬው ቡና፣ ከሰሊጡ፣ ከአበባው ተለቅሞ የመጣ ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያንን ግድብ ጉሊት ቸርቻሪዋ ሳትቀር ቦንድ ገዝታበታለች፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከደሞዙ አስቆርጦበታል። የራስ ወንዝ እያለ የሰው ነዳጅ በዶላር መግዛት ብልህነት አይደለም።

የጭሱም ነገር አለ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና የሚተፋውን ጥቁር ጭስ በአፍንጫችን የምንስበው እኛው ነን፤ በተለይ እግረኛው። ስለዚህ በጥር ወር 2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር እኔም «ይሁና!» ብያለሁ። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆንን ተብሎ ሲወራም ደስ አላለኝም አልልም።

ታዲያ ነገሩ የት ላይ ተበላሸ? እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲውን ያወጡት ሰዎች ዓለምን የሚያዩት በመኪና መስታወት ነው። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው የከተማዋ ችግር የመኪናው ሞተር ይመስለዋል። ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን ችግሩ መኪናው የሚጭነው ሰው ቁጥር ነው።

ምሕረቱ ለማን ነው?

የነዳጅ መኪና ከመታገዱ አስቀድሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ምሕረት አወጀ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ተነሳ። ኤክሳይስ ታክስ ተነሳ። ሱር ታክስ ተነሳ። ተገጣጥሞ የሚገባው መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ በከፊል ተበትኖ የሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተደረገ።

መልካም። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ። መንግሥት ሊሰበስበው የሚገባውን ታክስ ሲተው ከካዝናው አውጥቶ ለአንድ ሰው ሰጠ ማለት አይደለም ወይ? ለማን ሰጠ? በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ቆጥሮ አውቶሞቢል መግዛት ለሚችለው! ያቺ ሰልፍ ላይ ያየኋቸው ሴትዮ ሳሙና ሲገዙ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላሉ። ባለ መኪናው መኪናውን ሲገዛ አልከፈለም። ጉድ በል ጎንደር!

«የኤሌክትሪክ አውቶብስም እኮ ምሕረቱ ይመለከተዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ይመልከተው። ጥያቄዬም ይኸው ነው። አንድ ሰው ጭኖ የሚሄደውም፣ 70 ሰው ጭኖ የሚሄደውም እኩል ምሕረት ካገኙ ነጋዴው የትኛውን የሚያመጣ ይመስላችኋል? ቶሎ የሚሸጠውን ነዋ! ነጋዴው ጥፋት የለበትም፤ የሠራው በወጣለት ሕግ ነው። ጥፋቱ ምሕረቱን በሰው ልክ ሳይሆን በባትሪ ልክ የቆረጠው ነው።

ደግሞ መንገዱን አስቡት። ሦስት አውቶሞቢሎች ተከታትለው የሚይዙት ቦታ አንድ አውቶብስ የሚይዘውን ያህል ነው። ሦስቱ አውቶሞቢሎች አንዳንድ ሰው ከያዙ ሦስት ሰው ሄደ ማለት ነው። አውቶብሱ ግን ሰባውን ይዞ ይሄዳል። ቤንዚንም ይጠጣ ባትሪ፣ አውቶሞቢል አስፋልት ላይ የሚወስደው ቦታ አይቀንስም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈጥረው የትራፊክ መጨናነቅ ጭስ ባይኖረውም መጨናነቅነቱ አይቀርም። ታክሲው በዚያ ውስጥ ታንቆ ይቆማል፤ አውቶብሱ ታንቆ ይቆማል፤ ሰልፉም እዚያ መገናኛ ላይ ይረዝማል። ያልመጣው ታክሲ ጠፍቶ አይደለም፤ ከነዚያ መኪኖች ኋላ ተገትሮ ነው!

የቆጡን አወርድ ብላ…

የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ኧረ አይደለም! መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ ልብሱን ቀይሮ ነው ለማየት የወጣው። ወዲያው በዚያው ዓመት ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ተከተለ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ነበሩ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ጭስ የሌላቸው፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ የሚያነሱ! ትኬቱ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። «ዘላቂ ትራንስፖርት» ማለት ይህ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ከዚያስ? ከዚያማ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ይቆሙ ጀመር። መለዋወጫ የለም ተባለ። መለዋወጫ ለምን የለም ሲባል ዶላር የለም ተባለ። በ2015 ዓ.ም በወጡ ዘገባዎች ከ41ዱ ባቡሮች ሥራ ላይ የነበሩት ከሩብ የማይበልጡ ነበሩ። የቀሩት ዴፖ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። የተበደርነው ገንዘብ ግን አልቆመም፤ ወለዱ ቀን ከሌት ይሠራል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ያው ሰልፍ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው።

አሁን በሐቅ ተነጋገሩ። ለባቡር መለዋወጫ የጠፋው ዶላር ለአውቶሞቢል መግዣ እንዴት ተገኘ? «ያኛው የግል ገንዘብ ነው፣ ይሄኛው የመንግሥት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። አውቃለሁ። ነገር ግን የዶላር ነገር አገር የምታስቀድመውንና የምታስከትለውን የምትለይበት ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው የሚጭን ባቡር ጎማና ብሬክ አጥቶ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው የሚጭን አውቶሞቢል በገፍ ሲገባ፣ የትኛው እንደቀደመ መስክሩ ሳንባል እንመሰክራለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ባቡሩ ሲሠራም ችግር አልነበረበትም አልልም። ትኬቱ ወጪውን አይሸፍንም ነበር፤ ታውቆም የተገባበት ነው። የትም አገር የከተማ ባቡር በትኬት ብቻ አይኖርም። ድጎማ የሚያስፈልገው መሆኑ ነውር አይደለም። ነውሩ ድጎማውን አስቀድሞ ሳያስቡ ሪባን መቁረጥ ነው። እኛ አገር ሪባን የሚቆርጥ መቀስ ሞልቷል። የጠፋው ብሎን የሚያጠብቅ መፍቻ ነው!

ዳሬሰላምን እዩ

በዚያው በ2008 ዓ.ም በግንቦት ወር ታንዛኒያ በዳሬሰላም ከተማ ፈጣን የአውቶብስ አገልግሎት ጀመረች። ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ አውቶሞቢል የማይገባበት፣ በመንገዱ መሐል ለአውቶብስ ብቻ የተለየ መስመር ነው። ባለ መኪናው ቆሞ አውቶብሱ ያልፋል። እዚያ ያለው ደሃ ባለ ሀብቱን የሚቀድምበት መንገድ አገኘ ማለት ነው። ኋላ እነሱም ተቸግረዋል። የአውቶብሱ ቁጥር አነሰና ጣቢያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ቢሆንም መንገዱ አለ። አውቶብስ በጨመሩ ቁጥር የሚጓዝበት መስመር አላቸው።

እኛስ? ከዊንጌት እስከ ጀሞ ይዘረጋል የተባለውን የፈጣን አውቶብስ መስመር ወሬ ስንሰማ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖናል። ጥናት ነበረ፤ ካርታ ነበረ፤ አበዳሪም ተገኝቶ ነበረ። የጀሞ ሰው ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ታክሲ በር ላይ ይጋፋል። አንበሳ አውቶብስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህችን ከተማ ሲያመላልስ ኖሯል፤ በኋላም ሸገር ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶብሶች ታዩ። ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አውቶብስ ገዝቶ አውቶሞቢል መሐል መክተት ዓሣ ገዝቶ ደረቅ መሬት ላይ እንደ መጣል ነው። አውቶብስ ውሃው መንገዱ ነው!

ችግሩ ከቤት ይጀምራል

ሹማምንቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የትራንስፖርት ችግር የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከቤት ነው። የአዲስ አበባን ጉዞ የመረመሩ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በዓለም ላይ በእግር ከመሄድ የበለጠ ዘላቂ ትራንስፖርት አለ? ነዳጅ አይፈልግ፣ ዶላር አይፈልግ! የፒያሳ ልጅ በእግሩ መርካቶ ደርሶ ሥራውን ይሠራ ነበር። የካዛንቺስ ጠላ ሻጭ ደንበኛዋ ከበሯ ፊት ነበር። ምሳ አመላላሹ፣ ጫማ ጠራጊው፣ የልብስ ሰፊው ረዳት በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር።

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ተጀመረና ፒያሳ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ተከተለ። ሰውየው ከከተማው ዳር ቤት ተሰጠው። ቤቱ ከቀድሞው ይሻል ይሆናል፤ መጸዳጃ ቤት አለው፤ አልክድም። ሥራው ግን አብሮት አልሄደም። ትናንት በእግሩ የሚሄደው ሰው ዛሬ ሁለት ታክሲ ይሳፈራል፤ አንዳንዱም ሦስት። ከተማዋ በአንድ እጇ «ጭስ ቀንሱ» እያለች በሌላው እጇ ተሳፋሪ ታመርታለች ማለት ነው። የታክሲው ሰልፍ ለምን እንደረዘመ ለማወቅ ምሁር መቅጠር አያስፈልግም። ሰልፉን ያስረዘመው ቤት ያፈረሰው ዶዘር ነው!

በሌላ በኩል በኮሪደሩ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ መልካም ነው። የሳይክል መስመሩም መልካም ነው። እግረኛ በአዲስ አበባ እንደ ሰው ተቆጥሮ መንገድ ሲሠራለት ማየት ከስንት ዘመን በኋላ ነው! ታዲያ ያ መንገድ ለምን የሚያልቀው እንግዳ ከሚያልፍበት ጎዳና ላይ ነው? እግረኛው እኮ የሚኖረው አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ነው። እዚያ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከቤቱ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ጭቃ ለሚረግጥ ሰው መሐል ከተማ ላይ የተነጠፈው ንጣፍና የሚበራው መብራት የፖስት ካርድ ሥዕል ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ

የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ስለ ትራንስፖርት ችግር ሲያወሩ ጥፋተኛው ሁልጊዜ የታወቀ ነው። ባለ ታክሲው! ትርፍ ጫነ፣ ታሪፍ ጨመረ፣ መንገድ አቆራረጠ፣ ከታፔላው ውጪ ሄደ… እውነት ነው፤ ያደርጉታል። እኔም ከመገናኛ ፒያሳ ብዬ ተሳፍሬ አራት ኪሎ ላይ «መጨረሻ ነው» ተብዬ ወርጄ አውቃለሁ። ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ብሬን ሳልቀበል ቀርቼ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ሁሉንም ታክሲ ብትሰጡኝ አቃጥለው ነበር።

ግን ቀዝቀዝ ብላችሁ የባለ ታክሲውን ሒሳብ ሥሩ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ኖሯል። ለሕዝብ ትራንስፖርት ድጎማ ቢተውም ነዳጁ ራሱ በየጊዜው ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ጎማው፣ ባትሪው፣ ፍሬን ሸራው፣ ሁሉም አብሮ ወደ ላይ ወጣ። መኪናው ደግሞ አሮጌ ነው፤ ከጋራዥ አይጠፋም። ሾፌሩ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ለረዳቱ ይከፍላል፣ ለተራ አስከባሪ ይሰጣል፣ ትራፊክ ይቀጣዋል። የሚተርፈው ነገር ካለ ልጆቹን ያበላል። እንዲህ የተወጠረ ሰው መንገድ ቢያቆራርጥ ይገርማል?

ይህ ሰው ባይኖር ምን እንደምንሆን አይተነዋል። በየካቲት 2008 ዓ.ም ባለ ታክሲዎች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ከተማዋ በእግሯ ነው የሄደችው። ከሴቼንቶ እስከ ውይይት፣ ከውይይት እስከ ሚኒባስ፣ አዲስ አበባን በየዘመኑ የተሸከማት መንግሥት ሳይሆን ባለ ታክሲው ነው። በዚያ ሥራ ላይ ሾፌሩ አለ፣ ረዳቱ አለ፣ መካኒኩ አለ፣ ጎማ የሚለጥፈው አለ፣ መኪና የሚያጥበው ልጅ አለ። ሥራ አጥነት ባፈጠጠበት አገር ይህ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚበላበት ሥራ «ልማት» ካልተባለ ምን ይባል?

እንግዲህ ጠይቁ። ባለ ሀብቱ የቤት መኪናውን ወደ ኤሌክትሪክ እንዲለውጥ ይህን ያህል ከተደከመለት፣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ እንዲለወጥ ማን ደከመ? ባንክ ሄዶ ቢበደር ቤት አስይዝ ይሉታል። ቤት ቢኖረው ታክሲ ይነዳ ነበር? የአንድ የቤት መኪና ባለቤት በቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ መኪናውን ያቆማል። ታክሲ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ይዞራል። ነዳጅ የሚፈጀው እሱ፣ ጭስ የሚተፋው እሱ፣ ሰው የሚጭነውም እሱ ነው። ለውጡ ከእሱ መጀመር ሲገባው ከመጨረሻው ተጀመረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል እንዲህ ነው።

የጠፋው ሰዓት የማን ነው?

«ዕድገት» ሲባል ፎቅና መንገድ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሠራተኛ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ሰልፍ ላይ ቢቆም በወር በ26 የሥራ ቀን 52 ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ስታካፍሉት ስድስት ቀን ተኩል! በዓመት ሲሆን 78 የሥራ ቀን! ይህንን ያህል ቀን ሥራ የሚያስፈታ በዓል በኦርቶዶክሱም በእስልምናውም የቀን መቁጠሪያ የለም። ሰልፈኛው ግን በየዓመቱ ቆሞ ያከብረዋል።

የጠፋው ሰዓት የማን ነው? የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው ደክሞ ይመጣል። የልጁ ነው፤ አባት ሲገባ ልጅ ተኝቷል፣ ሲወጣም ተኝቷል። የአገር ነው፤ ግብር ሊከፈልበት የሚችል ሥራ አልተሠራም። እኚያ ሴትዮ እንደነገሩኝ ቤታቸው የሚደርሱት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደግሞ ይነሳሉ። በመሐል የቀረችውን ሰዓት እንቅልፍ በሏት፣ ልብስ ማጠቢያ በሏት፣ ስሟን እናንተው አውጡላት።

ጭነቱም ከሰው የተሻለ ዕድል አላገኘም። የወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ የባቡር ሐዲድ ተመርቆልናል። አያቶቻችን በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሰውን የፈረንሳዮቹን ባቡር አይተው ተደንቀዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ እኛም ተደነቅን። ግን አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚመጣው በናፍጣ በሚነዳ ከባድ መኪና ነው። ሐዲዱ ተኝቶ ናፍጣው ይነዳል። ማዳበሪያውም፣ ስንዴውም፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈልገው ዕቃም የዚያን ናፍጣ ዋጋ ተሸክሞ ይመጣል። የኑሮ ውድነት ከየት መጣ እያልን የምንጠያየቀው ይህን እያየን ነው!

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተቺ ብቻ አትሁኑ፣ መፍትሔ አምጡ ይሉናል። እሺ፣ እነሆ።

በመጀመሪያ የቆሙት ባቡሮች ይነሱ። አዲስ ነገር ከመግዛት በፊት የገዛነውን እናስነሳ። ስንት ባቡር በሥራ ላይ እንዳለ፣ ስንቱ እንደቆመና ለምን እንደቆመ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። ዕዳው የእኛ ከሆነ ወሬውም የእኛ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ አውቶብስና ሚኒባስ ብቻ የሚሄድበት መስመር ይለይ። በቀለም ብቻ ሳይሆን በሚከለክል ነገር ይለይ። ይህ እንደ ባቡር ዶላር አይበላም፤ ድፍረት ነው የሚፈልገው። ባለ መኪናው ይቆጣል፤ ይቆጣ። ከእሱ የሚበዛው ሰው ተቆጥቶ ስንት ዓመት ሆነው!

ሦስተኛ፣ የታክስ ምሕረቱ በወንበር ይቆጠር። ብዙ ሰው የሚጭን ብዙ ይማር፤ አንድ ሰው የሚጭን የሚገባውን ይክፈል። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለታክሲ ባለንብረቶች በማኅበራቸው በኩል ብድር ይሁን፤ አሮጌውን ሚኒባስ መልሰው በኤሌክትሪክ እንዲለውጡ። ቻርጅ ማድረጊያውም ከሆቴል ግቢ ወጥቶ ታክሲ ተራ ላይ ይተከል።

አራተኛ፣ ሰው ከማስነሳት በፊት የሚሄድበት አውቶብስ ይዘጋጅ። ቁልፍ ሲሰጠው አብሮ የትራንስፖርት መስመር ይሰጠው። የእግረኛው መንገድም ከዳር ይጀመርና ወደ መሐል ይምጣ።

አምስተኛ፣ በባቡር ሊመጣ የሚችል ጭነት በባቡር ይምጣ። ባቡሩ ኃይል ሲቋረጥበት፣ መለዋወጫ ሲያጣ ቀድሞ የሚደርስለት አካል ይኑር። ሾፌሮቹ ሥራ እንዳያጡ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያውና እስከ ፋብሪካው ያለው ማመላለስ ለእነሱ ይተው።

ይህ ሁሉ የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ሰልፍ ላይ አንድ ሳምንት የቆመ ሰው ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። እንግዲያው አንድ ልመና አለኝ። ክቡራን ሚኒስትሮችና ከንቲባዎች አንድ ሳምንት፣ አንድ ሳምንት ብቻ፣ መኪናቸውን አቁመው፣ ያለ አጃቢና ያለ ካሜራ ከመገናኛ አራብሳ በታክሲ ይመላለሱ። ከተማው ከመኪና ነፃ የሚሆንበት ቀን ከኅዳር 2011 ዓ.ም ጀምሮ ሲከበር አይተናል፤ ሹማምንት በስፖርት ልብስ ሲሮጡም አይተናል። እኛ ሩጡ አላልናቸውም። ተሰለፉ ነው ያልናቸው!

ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ መውረጃው ሲደርስ አንድ የሚጮኸው ነገር አለ። ረዳቱ ቢያወራም፣ ሙዚቃው ቢጮህም፣ ሾፌሩ ስልክ ላይ ቢሆንም ያንን ቃል ሲሰማ ፍሬን ይይዛል። በዚህ ከተማ የሚኖረው ሕዝብም መንገዱ እንደተሳተ ካየ ቆይቷል። መኪናው አዲስ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልተጠየቅንም። ስለዚህ ጮክ ብለን እንናገር።

ወራጅ አለ!

ሾፌሩ ከሰማ ደግ። ካልሰማ ግን፣ ከዚህ በፊት እንዳደረግነው፣ በእግራችን ነው የምንሄደው። ቸር ያሰንብተን።